አዲስ ማኅበር በምን ያድጋል?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ለሚያስቡና አቋቁመውም «አባል አልበዛልን» ለሚሉ ሰዎች የሚጠቅም ጉዳይ ይዟል። እድር ይሁን የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሸማቾች ማኅበር ይሁን በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚያቋቁሙት መረዳጃ፣ የጅማሬው ወራት ጭንቀት ያው ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ጸድቋል፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠዋል፣ ማኅተሙም ተቀርጿል፤ መዝገቡ ላይ ግን ከመሥራቾቹ በቀር ስም የለም። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ቅስቀሳ ነው። ወረቀት ይበተን፣ በድምፅ ማጉያ ይለፈፍ፣ እያንዳንዱ አባል አሥር አሥር ሰው ይዞ ይምጣ ይባላል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። አዲስ ማኅበር የሚያድገው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት አባላቱ የገባውን ቃል በጊዜው ሲፈጽምና ያም መፈጸሙ ውጭ ላለው ሰው ሲታይ ነው። ስለዚህ መሥራቾች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ጉልበታቸውን ለመጡት አባላት ቢያውሉት፣ ያልመጡትም ቀስ በቀስ መምጣታቸው አይቀርም። ይህን ሐሳብ በማስረጃ እንመርምረው፤ ሊነሣበት የሚችለውንም ተቃውሞ እንስማ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ሰሜን እንግሊዝ፣ ማንቸስተር አጠገብ ካለችው የሽመና ከተማ ከሮችዴል ይመጣል። ከዛሬ 180 ዓመት በፊት የዚያች ከተማ ሠራተኛ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ኑሮው ውድ ነበር። በዘመኑ ከባለሱቅ የሚገዛው ዱቄት ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት፣ ሚዛኑም የማይታመን መሆኑ የተለመደ ቅሬታ ነበር። ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1833 የጋራ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን ለአባላት በዱቤ ሲሸጡ ቆዩና ገንዘቡ ሳይመለስ ስለቀረ ሱቁ በ1835 ተዘጋ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ 28 ሰዎች እንደገና ተሰባሰቡ። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያጠራቀሙ እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ ሞሉ፤ ጠቅላላ ካፒታላቸው 28 ፓውንድ ሆነ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ምሽት ላይ ቶድ ሌን በሚባለው መንገድ፣ በተከራዩት ቤት ምድር ወለል ሱቃቸውን ከፈቱ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃ ሲቆጠር 13 ኪሎ ያህል ቅቤ፣ 25 ኪሎ ያህል ስኳር፣ 3 ኩንታል ያህል የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነበር። ሱቁ መጀመሪያ ላይ የሚከፈተውም በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ ነበር። የሮችዴል አቅኚዎች እየተባለ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ማኅበር አጀማመሩ ይህ ነው።

አሁን የአባላቱን ቁጥር ልብ በሉ። በ1845 መጨረሻ 74 ደረሱ። በ1846 መጨረሻ ደግሞ 80 ነበሩ፤ ማለትም በአንድ ሙሉ ዓመት የጨመረው ስድስት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሪፖርት ዛሬ ለጠቅላላ ጉባኤ ቢቀርብ አመራሩ ይወርዳል፤ ቢያንስ የቅስቀሳ ኮሚቴ ይቋቋማል። እነሱ ግን ያን ጊዜ የተጠመዱት በሌላ ሥራ ነበር። የፊተኛው ሱቅ ለምን እንደወደቀ ያውቃሉና ሽያጭ በእጅ በእጅ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ዕቃው ንጹሕ፣ ሚዛኑ ልክ እንዲሆን ተጠነቀቁ። ብዙ ድርሻ ያለውም አንድ ድርሻ ያለውም በስብሰባ ላይ እኩል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትርፉ ለገንዘቡ መጠነኛ ወለድ ከተከፈለ በኋላ አባሉ በገዛው ልክ እንዲመለስለት አደረጉ። ብዙ የገዛ ብዙ፣ ጥቂት የገዛ ጥቂት ያገኛል። አንዲት የቤት እመቤት ያው ዱቄትና ስኳር ለማንኛውም የምትገዛው ነው፤ ሒሳብ ተዘግቶ ትርፍ ሲከፋፈል ግን ከሌላ ሱቅ የማታገኘው ገንዘብ ከዚህ በእጇ ይገባል። ይህን ለጎረቤቷ ለማስረዳት ንግግር አዋቂ መሆን አያስፈልጋትም። ቀጥሎ በ1849 አባላቱ 390፣ በ1850 ደግሞ 600 ሆኑ። በ1860 ቁጥሩ 3,450 ደርሶ ነበር። ዘገምተኞቹ ዓመታት ባክነው የቀሩ አልነበሩም፤ ኋላ የመጡትን መቶዎች የተሸከመው አሠራር የተበጀው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ሊቁ ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣውን ነጥብ ማየት ይጠቅማል። የኦልሰን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ማኅበር የሚያስገኘው ጥቅም አባል የሆነውንም ያልሆነውንም እኩል የሚያዳርስ ከሆነ፣ ሰው አባል ለመሆን የሚገፋፋው ነገር ያንሳል። የሰፈር ማኅበር ታግሎ የመንገድ መብራት ቢያስተክል፣ መብራቱ መዋጮ የከፈለውንና ያልከፈለውን ለይቶ አያበራም። በዚህ ጊዜ «እነሱ ካስተከሉት እኔ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ሰው ይበዛል፤ ይህ ሰው ክፉ ወይም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ሒሳቡን ስለሠራ ነው። ስለዚህ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ማኅበር ከሰፊው ዓላማ ጎን ለአባሉ ብቻ የሚደርስ አንድ የሚጨበጥ ነገር ያስፈልገዋል። ኦልሰን ጨምሮ እንዳሳየው በጥቂት ሰዎች ስብስብ ውስጥ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚታይ ሥራውን ለሌላ ጥሎ መደበቅ አስቸጋሪ ነው። ጥቂት ሆኖ መጀመር እንግዲህ ጉድለት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ መሥራቾቹ ልብ ካሉት፣ ቁጥር ሲበዛ የማይገኝ ብርታት አለው።

የእኛ እድር ይህን ያለ መጽሐፍ ያወቀ ይመስላል። ሰው በሞተበት ቤት ጡሩንባው ተነፍቶ ሰፈሩ ሲሰማ፣ ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይተከላል። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑና ብርጭቆው ተቆጥሮ ይረከባል። ገንዘብ ያዡ በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ያስረክባል። ተረኞቹ ቀብር ላይ መገኘታቸውን ጸሐፊው ይመዘግባል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለቅሶ ለመድረስ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ፊት ነው። ከለቀስተኞቹ መካከል አዲስ ወደ ሰፈሩ የገባ፣ ገና እድር የሌለው ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ድንኳኑ በሰዓቱ መድረሱን፣ ቤተሰቡ ለብድር ሳይሯሯጥ ሬሳው በክብር መሸኘቱን ያያል። በማግስቱ ዳኛውን ፈልጎ «መመዝገቢያው ስንት ነው?» ቢል ማን ቀሰቀሰው? የቀሰቀሰው የታየው አገልግሎት ነው። በአንጻሩ ድንኳኑ ተቀዶ፣ ገንዘቡ «ነገ ዛሬ» እየተባለ ከዘገየ፣ ያንኑ ያህል ለቀስተኛ ያንን ጉድለት ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚበተን ወረቀት የተባለውን አይሽረውም።

ሰው ወደ ማኅበር የሚመጣበትን መንገድ በተመለከተ ሌላ ጠንካራ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ክረምት በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ጥቁር ዜጎችን ለምርጫ ለማስመዝገብ በጎ ፈቃደኞች ተጠርተው ነበር፤ አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሥራው ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር። አመልክተው ከተፈቀደላቸው መካከል ከ700 በላይ ሲሄዱ ከ200 በላይ የሚሆኑት ሐሳባቸውን ቀይረው ቀሩ። ዳግ ማክአዳም የተባለው የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ የሁለቱንም ወገኖች ማመልከቻ ቅጾች አግኝቶ አመሳከራቸው። የሄዱት በዓላማው ይበልጥ ያመኑ፣ የቀሩት ደግሞ ያላመኑ ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው ይኖራል፤ ቅጾቹ ግን በእምነት በኩል ሁለቱ ወገኖች ብዙም እንደማይራራቁ አሳዩ። ጎልቶ የታየው ልዩነት ትውውቅ ነው። የሄዱት ሰዎች አብረዋቸው ከሚሄዱት መካከል የቅርብ ወዳጅ የነበራቸው፣ ቀድሞም በማኅበራት ውስጥ የቆዩ ናቸው። ከዚህ የምንማረው በዓላማ መስማማት ሰውን እስከ በሩ እንደሚያደርሰው፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባውና የሚያቆየው ግን የሚያውቀው ሰው እንደሆነ ነው።

ይህ ከሆነ አዲስ አባል የሚገኝበት የመጀመሪያ ስብሰባ ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዳው መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አጀንዳው ቀደም ሲል ከነበረ ጠብ የተረፈ ነው፤ ስሙን የጠየቀው የለም፤ መዋጮውን ተቀብለው ደረሰኝ ሳይሰጡት «ሌላ ጊዜ» ይሉታል። ይህ ሰው ሁለተኛ ሳይመጣ ቢቀር ለምን እንደቀረ የሚጠይቀውም አይኖርም። አሁን ደግሞ ሌላውን እንመልከት። ጸሐፊው በር ላይ ተቀብሎ ስሙን ይመዘግባል፤ ደንቡን በእጁ ይሰጠዋል፤ ደረሰኙን እዚያው ይቆርጥለታል። ሰብሳቢው ለቤቱ ያስተዋውቀዋል፤ የሰፈሩ ሰው የሆነ አንድ ነባር አባል እንዲያለማምደው ይመደብለታል፤ ከመበተናቸው በፊትም አንድ ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ ለሚቀጥለው ስብሰባ ወንበር ማዘጋጀት፣ ይሰጠዋል። ሥራ የተሰጠው ሰው ባለቤትነት ይሰማዋል፤ ሥራውም ለመመለስ ምክንያት ይሆነዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ማኅበር መቶ ሰው ጠርቶ ዘጠና አምስቱን ያጣል፤ ሁለተኛው አሥር ጠርቶ ዘጠኙን ቢያስቀር፣ ከዓመት በኋላ ማን እንደሚበልጥ መገመት አያስቸግርም።

እስካሁን ያልነው ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ይህ መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ በዘመቻ፣ በትእዛዝና በማበረታቻ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ማሰባሰብ ይቻላል» የሚል ነው። በእርግጥ ማሰባሰብ ይቻላል፤ አገራችንም አይታዋለች። በደርግ ዘመን መልባና ወልባ የተባሉት የአምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመንግሥት ግፊት ተስፋፉ። ጥሩ ጥሩው መሬት፣ ማዳበሪያውና ብድሩ በቅድሚያ ለእነሱ ይሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ ቁጥሩ አደገ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጅና ገበሬው በማኅበሩ የመቆየት ወይም የመውጣት ምርጫ ሲያገኝ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ መሬቱንና በሬውን ተከፋፍለው ፈረሱ። ለዓመታት የተገነባ አባልነት በአንድ የእርሻ ወቅት ተበተነ። ሰው የወጣው ማኅበሩን የራሱ አድርጎ ስላላየው ነው። ኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነት በፈቃድ ብቻ እንዲሆን የደነገገውና መሠረታዊ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሰው ይበቃል ያለው ከዚህ ታሪክ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ አንዳንድ ሥራ ያለ ብዛት አይሠራም። አሥር አባል ያለው እድር በአንድ ወር ሁለት ሰው ቢሞትበት ካዝናው ባዶ ይሆናል» ይሉናል። እውነት ነው። ማኅበር ቁጥሩ የማይፈቅድለትን ቃል ከገባ ቃሉን ያጥፋል፤ ቃሉን ካጠፈ ደግሞ እስካሁን ባልነው መሠረት አያድግም። መፍትሔው ግን ቃሉን በአቅም ልክ መቁረጥ ነው። ሮችዴሎች በጥቂት ዓይነት ዕቃ የጀመሩት ከዚያ በላይ ማቅረብ ስለማይችሉ ነው። አሥር አባላት ያሉት እድርም በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛ ገንዘብ ከመቁረጥ ይልቅ ድንኳንና ዕቃ በማቅረብ፣ ቀብር በማስፈጸምና በማስተዛዘን መጀመር ይችላል። በተጨማሪ ብዛት የሚገኘው አንዱን ማኅበር በማስፋት ብቻ አይደለም፤ ትንንሾቹ ሲተባበሩም ይገኛል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. ሲመሠረት 34 መሠረታዊ ማኅበራትን ይዞ ነበር፤ ዛሬ ከ400 በላይ ሆነዋል። ገበሬው በቀበሌው የሚያውቀውን ማኅበር ሳይለቅ ቡናውን ለውጭ ገበያ በጋራ የሚያቀርብበት አቅም አገኘ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ለጥቂቶች አገልግሉ ማለት የወዳጅ ቡድን ፍጠሩ ማለት ነው፤ ጥቂቶቹ ይሞቃቸዋል፣ በሩን ይዘጋሉ» የሚል ነው። ይህ አደጋ እውነተኛ ነው፤ በአንዳንድ ነባር እድሮችም ይታያል። እድሩ ዕድሜ ሲያገኝ ንብረቱና በባንክ ያለው ገንዘብ ይከማቻል፤ አዲስ ገቢ ነባሮቹ ያፈሩትን ይካፈላልና መመዝገቢያው ከዓመት ዓመት ይወደዳል። ሒሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ወጣቱና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ በር ላይ መቅረቱ ነው። አባላቱ አብረው ያረጃሉ፤ ቀብሩ ሲበዛ ከፋዩ ያንሳል፤ ቀስ እያለም ካዝናው ይደርቃል። ስለዚህ ጥቂቶችን በደንብ የማገልገሉ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከክፍት በር ጋር መሄድ አለበት። የመግቢያ መስፈርቱ በጽሑፍ ተቀምጦ ለጠየቀ ሁሉ ይነገር፤ መመዝገቢያው በየወሩ እየተከፋፈለ የሚከፈልበት መንገድ ይኑር፤ የአመራሩ የሥራ ዘመን በደንቡ ይገደብ። የሮችዴል ማኅበር ሴቶችንም በአባልነት የተቀበለው፣ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ላገባች ሴት በራሷ ንብረት እንደ ልብ እንድታዝ የማይፈቅድ ሆኖ ሳለ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠንቃቃ አድማጭ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሮችዴሎች ያደጉት በዕድል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1849 የከተማው የቁጠባ ባንክ ከስሮ ስለወደቀ ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ እነሱ ሸሸ።» ባንኩ በዚያ ዓመት መውደቁና አባላቱ ከመቶ ምናምን ተነሥተው 390 የሆኑት በዚያው ዓመት መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ገንዘቡን የተጭበረበረ ሰው በማግስቱ ያገኘውን ሁሉ አያምንም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይጠራጠራል። ያን ጊዜ ቶድ ሌን ላይ አራት ዓመት ሙሉ ሒሳቡን በየሦስት ወሩ ለአባላቱ ሲያቀርብ የቆየ ሱቅ ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሰው ገንዘቡን ፍራሹ ሥር ይደብቅ ነበር። አጋጣሚ ለማንም ሊመጣ ይችላል። የሚጠቀምበት ግን ቀድሞ የታመነው ነው፤ መታመን ደግሞ አባላቱ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ የሚገኝ ሀብት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንግዲህ አዲስ ማኅበር ይዛችሁ ከሆነ ለሚቀጥለው የሥራ አመራር ስብሰባችሁ አንድ የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን። ስንት ሰው እንደተመዘገበ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ከመዝገቡ አውጡ። አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ስንቶቹ ዛሬም መዋጮ ይከፍላሉ? ሁለተኛ፣ ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች ላይ ከአመራሩ ውጭ ስንት አባል ተገኘ? ሦስተኛ፣ ቃል ከተገባው አገልግሎት በጊዜው ያልተፈጸመ አለ ወይ? መልሱ ደካማ ከሆነ ለቅስቀሳ የያዛችሁትን ገንዘብ ለጊዜው አቆዩትና ያልተፈጸመውን ፈጽሙ፤ የቀሩትን አባላት ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ አትደብቁት፤ ሒሳባችሁን ለጎረቤትም ጭምር በግልጽ አሳዩ፤ በሩንም ክፍት አድርጉ። አባል የሚበዛው እንዲህ ነው።